ባክአፑ አንዳንድ ሌሊት ይሠራል፣ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ የለም

ፎቶለቃሚዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

ቤት ውስጥ ሁለት ዲስክ የሚይዝ የኔትወርክ ስቶሬጅ አለኝ፤ ናስ የሚሉት። ሁለቱም ዲስኮች 4 ቴራባይት ናቸው፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን ነው የተዋቀሩት። ዊንዶውስ 11 ያለው ዴስክቶፔ በኬብል ከራውተሩ ጋር ተገናኝቷል። ናሱም እንደዚያው። ማክቡኬ ግን በዋይፋይ ነው። ዴስክቶፑ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ናሱ ላይ ባክአፕ (የፋይሎቹን መጠባበቂያ ቅጂ) ያደርጋል። ማኩ ደግሞ በታይም ማሽን፣ በራሱ የባክአፕ ፕሮግራም፣ በየሰዓቱ ይልካል።

የዴስክቶፑ ባክአፕ እንዳሻው ነው። አንዳንድ ሌሊት ጨርሶ ይጠብቀኛል። አንዳንዴ መሃል ላይ ይቆማል። አንዳንዴ ጭራሽ አይጀምርም። ጠዋት በእጄ ሳስነሳው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል! ፎልደሩንም ስከፍተው ወዲያው ይከፈታል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ለይቶለት ቢሞት እኮ እገላገል ነበር።

ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጭኛለሁ። ራውተሩንም ናሱንም ሪስታርት አድርጌያለሁ። አንድ የማውቀው ሰው "ሳጥኑን ጣይና ሌላ ግዢ" አለኝ። ከመጣሌ በፊት እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ? የሚቀመጠው ወደ 900 ጊጋባይት ነው፣ አብዛኛው ፎቶ።

ቶሎመላሽ፦

ዋይፋይ ነው። በኬብል አድርጊው።

ነገር_አርዛሚ፦

ወንድሜ፣ በኬብል ነው ብላ ጽፋለች እኮ። እስከ ታች አንብበው እንጂ።

ሎግ_አንባቢዋ፦

እህቴ፣ ሳጥኑን አትጣዪ። ገና ምንም አላደረገም።

"እንዳሻው ነው" የሚባል ባክአፕ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ በሽታ አለበት። አንቺ ራስሽ ሁለቱን ለይተሽ ጽፈሻል፦ አለመጀመርና መሃል ላይ መቆም። ያልጀመረበት ሌሊት ኮምፒውተሩ ናሱን ጭራሽ አላገኘውም። መሃል ላይ የቆመበት ሌሊት ግን አግኝቶታል፣ ፋይል ልኮለታል፣ ከዚያ ጠፍቶበታል። ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ከፈለግሻቸው አንዱንም አታገኚውም።

ደግሞ ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን አትነካኪ። ሪስታርት ስታደርጊ ነገሩ ለትንሽ ጊዜ ይለሳለሳል፣ ምክንያቱ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። ኬብልም፣ ፕሮግራምም፣ ሴቲንግም በአንድ ማታ ከቀየርሽ የቱ እንዳዳነሽ አታውቂም።

እስቲ እነዚህን አምጪልን። የወደቀበትን ሰዓት እስከ ደቂቃው። የሰጠሽን የስሕተት ቁጥር። ሲሠራ በሰከንድ ስንት ሜጋባይት እንደሚልክ። የናሱ የራሱ ሎግ (የሥራ መዝገቡ) በዚያችው ደቂቃ ምን እንደሚል። ይሄን የመጨረሻውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል፤ ኮምፒውተሩ የሚነግርሽ የራሱን ወገን ታሪክ ብቻ ነው። ሎጎቹን ከማነጻጸርሽ በፊት የሁለቱ ሰዓት እኩል መሆኑን እይ። ናሱ በደቂቃዎች ወደኋላ ከቀረ ጎን ለጎን ማንበብ አይቻልም።

ቁጥሮቹ ብዙ ይናገራሉ። 53 ካለ መንገዱ አልተገኘም፤ ናሱ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ተኝቷል፣ ወይ ኮምፒውተሩ በስሙ ፈልጎ አድራሻውን አጥቶታል። 64 ካለ ግንኙነቱ ነበረ፣ ተቆረጠ። 59 እና 121 የ64 የአክስት ልጆች ናቸው። 5 ካለ የፈቃድ ጉዳይ ነው። 112 ካለ ዲስኩ ሞልቷል። 1219 ካለ ኔትወርኩ ጤነኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ ያንኑ ናስ ቀድሞ በሌላ ዩዘር ስም ከፍቶታል ማለት ነው፣ ዊንዶውስ ደግሞ አንድ ሰው ወደ አንድ ሰርቨር በሁለት ስም እንዲገባ አይፈቅድም።

ነገር_አርዛሚ፦

ጥሩ ነው፣ ግን ስንቱ ሰው ነው ተቀምጦ ሎግ የሚያነበው? እኔ ብሆን ሌላ ፕሮግራም እሞክር ነበር።

ሎግ_አንባቢዋ፦

ያው ፕሮግራም ጠዋት ይሠራላታል። ሌሊትና ጠዋት የሚለየው ሌላ ነገር ነው።

ፎቶለቃሚዋ፦

አመጣሁ። የባለፈው ሳምንት ይሄን ይመስላል፦

ማክሰኞ ሌሊት፦ 8፡00 ጀመረ፣ 8፡14 ቆመ። ስሕተት 64።
ረቡዕ ሌሊት፦ አልጀመረም። ስሕተት 53።
ሐሙስ ሌሊት፦ አልጀመረም። ስሕተት 53።
ዓርብ ሌሊት፦ ጀመረ፣ ጨረሰ።
ቅዳሜ ሌሊት፦ 8፡00 ጀመረ፣ 8፡41 ቆመ። ስሕተት 64።

ፍጥነቱ ሁልጊዜ 11 ሜጋባይት በሰከንድ አካባቢ ነው። 11.1፣ 11.3፣ ከዚያ ንቅንቅ አይልም።

የናሱ ሎግ ማክሰኞ 8፡14 ላይ "ላን 1 ተቋርጧል" ይላል፤ የኔትወርክ መሰኪያው መሆኑ ነው። ከ3 ሰከንድ በኋላ "ላን 1 ተገናኝቷል"። ቅዳሜ 8፡41 ላይም ያንኑ። ረቡዕና ሐሙስ ግን በዚያ ሰዓት አንድም መስመር የለም። ባዶ ነው። ሰዓቶቹን አይቻለሁ፣ እኩል ናቸው።

ባለኬብሉ፦

11 ሜጋባይት! በቃ፣ የ64ቱ ነገር ተገኘ።

ዲስክ ሲደክም ፍጥነቱ ይዋዥቃል። 60 ይሄዳል፣ 15 ይወርዳል፣ ተመልሶ 40 ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ 11 ላይ ተቸንክሮ የሚያድር ነገር ዲስክ አይደለም፤ መስመሩ ራሱ ነው። 100 ሜጋቢትን ለ8 ስታካፍዪው 12.5 ሜጋባይት ይመጣል። ለማሸጊያና ለመልስ የሚሄደውን ስትቀንሺ 11 ከምናምን ይቀራል። ጊጋቢት ቢሆን 110 አካባቢ ታዪ ነበር። ዛሬ የሚሸጥ ናስ ከጊጋቢት በታች የሆነ የለም ማለት ይቻላል፣ ራውተርሽም ምናልባት እንደዚያው ነው። ታዲያ ለምን 100?

ኬብሉን እይው። ውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዝዘው 4 ጥንድ ይሆናሉ። ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። 100 ሜጋቢት ግን በ2 ጥንድ ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ አንዷ ሽቦ ጫፏ ላይ ብትላቀቅ ኬብሉ አይሞትም። ሁለቱ ዕቃዎች ተደራድረው ወደ 100 ይወርዳሉ፣ ፎልደርሽም መከፈቱን ይቀጥላል። ማንም አይነግርሽም። ከዚያ ያቺው የላላች ጫፍ አንድ ሌሊት ትንሽ ስትነቃነቅ መስመሩ ለ3 ሰከንድ ይጠፋል። በዚያው ግንኙነቱ ይቆረጣል፣ ባክአፑም አብሮ ይወድቃል። በሎግሽ ላይ ያለው በትክክል ይሄ ነው።

ከናሱ ወደ ራውተሩ የሚሄደውን ኬብል ጫፎች በብርሃን እያቸው። ጫፉ ግልጽ ፕላስቲክ ስለሆነ ውስጡ ይታያል። 8 የወርቅ ቀለም ያላቸው ጥርሶች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ሥር ሽቦ ገብቶ መድረሱን ቁጠሪ። ከአሮጌ ዕቃ ጋር የመጣ ኬብል አንዳንዴ ከመጀመሪያውም 4 ሽቦ ብቻ ነው ያለው። የፕላስቲክ መቆለፊያዋ ተሰብራ ከሆነ ደግሞ ሳትነኪው ራሱ ይወጣል።

አዲስ ስትገዢ ካት 5 ኢ ወይም ካት 6 ይበቃል። ለጊጋቢት ከዚያ በላይ የሆነ ኬብል መግዛት ትርፍ ነው። ርዝመቱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ችግር የለውም። ሰክተሽ ስታበቂ ናሱ ገጽ ላይ የኔትወርኩን ፍጥነት አንብቢ። 1000 ማለት አለበት።

ቶሎመላሽ፦

ኬብል ነው ብዬ ነበር እኮ።

ነገር_አርዛሚ፦

ዋይፋይ ነው ነበር ያልከው።

ሎግ_አንባቢዋ፦

ባለኬብሉ ያለው ሁሉ ለማክሰኞና ለቅዳሜ ልክ ነው። ለረቡዕና ለሐሙስ ግን አይሠራም። ኬብሉ ቢሆን ኖሮ ናሱ ሎጉ ላይ "ተቋርጧል" ብሎ ይጽፍ ነበር። ባዶ ነው ብለሻል። ባዶ ሎግ የሚጽፍ ናስ ነቅቶ አልነበረም።

ሁለት ጥያቄ። ረቡዕና ሐሙስ ማኩ ቤት ነበር? ናሱ ላይስ የኃይል ቁጠባ በርቷል?

ፎቶለቃሚዋ፦

ኧረ! ሁለቱን ቀን ማኩን ይዤ ወጥቼ ሌላ ቦታ ነው ያደርኩት። በምን አወቅሽ?

የኃይል ቁጠባውን አየሁት። "ለ30 ደቂቃ ሥራ ከሌለ ሲስተሙ ይተኛ" የሚል በርቷል። ከፋብሪካ እንደዚያ ይሁን ወይም አንድ ጊዜ የተነካ እንደሆነ እንጃ።

ሎግ_አንባቢዋ፦

ማኩ ቤት ሲያድር በየሰዓቱ ባክአፕ እያደረገ ናሱን ይቀሰቅሰዋል። ዴስክቶፑ 8 ሰዓት ላይ ሲመጣ ነቅቶ ያገኘዋል። ማኩ ሲወጣ ቀስቃሽ የለም። ጠዋት በእጅሽ ስታስነሺው ለምን ይሠራ እንደነበርም በዚሁ ይገባሻል፤ አንቺ ወይም ማኩ ቀድማችሁ ነክታችሁታል።

እንቅልፉ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሰው ደግሞ ያምታታቸዋል። የዲስክ እንቅልፍ አለ፤ ዲስኮቹ መሽከርከር ያቆማሉ፣ ሳጥኑ ግን ኔትወርኩ ላይ አለ። ሲጠራ ዲስኮቹ እስኪነሱ ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል እንጂ ይመልሳል። አብዛኛው ፕሮግራም ያን ያህል ይታገሳል። የሲስተም እንቅልፍ ሌላ ነው። ሳጥኑ በሙሉ ይተኛል፣ ተራ የፎልደር ጥያቄም ላይቀሰቅሰው ይችላል። ብዙዎቹ የሚነሱት ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የማንቂያ ምልክት በኔትወርኩ ሲላክላቸው ነው። ማክ አንዳንዴ ይሄን ራሱ ያደርጋል፣ ዊንዶውስ ላይ ያለ የባክአፕ ፕሮግራም ግን አብዛኛውን ጊዜ አያደርግም።

የሲስተሙን እንቅልፍ አጥፊው። የዲስኩን ከፈለግሽ ተዪው። ኤሌክትሪኩ ካሳሰበሽ ናሱ ከ8 ሰዓት 10 ደቂቃ ቀደም ብሎ እንዲነሳ ሰዓት ሙዪለት፤ አብዛኞቹ ላይ አለ።

ዴስክቶፑንም አትርሺ። እሱም ሌሊት ይተኛል። ታስክ ስኬጁለር (ዊንዶውስ ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሳበት) ውስጥ "ይህን ሥራ ለመሥራት ኮምፒውተሩን ቀስቅስ" የሚል ምልክት አለ። የኔትወርክ ካርዱ ንብረቶች ውስጥ ደግሞ "ኃይል ለመቆጠብ ኮምፒውተሩ ይህን ዕቃ እንዲያጠፋ ፍቀድ" የሚል አለ፣ እሱን አንሺው።

አዲሱ_ሰው፦

በመካከል ልግባና፣ የእኔ ደግሞ በእጅ ሲነሳ ሁልጊዜ ይሠራል፣ በታስክ ስኬጁለር ግን አንድም ቀን አልሠራም። መንገዱን አላገኘሁትም ይላል። ናሱ ዜድ የሚል ድራይቭ ሆኖ ኮምፒውተሬ ላይ ይታያል እኮ!

ባለኬብሉ፦

ለአንተ ይታያል። "ዩዘር ባይገባም ሥራው ይሂድ" የሚለውን መርጠህ ከሆነ ሥራው የሚሄደው ለብቻው በተከፈተ ሌላ ሎጊን ውስጥ ነው፣ የድራይቭ ፊደል ደግሞ የዚያ የአንተ ሎጊን ንብረት ነው። ዜድን አያውቃትም። ፊደሉን ተውና ሙሉውን መንገድ ስጠው፦ ሁለት የኋላ ሰረዝ (ባክስላሽ)፣ የናሱ አድራሻ፣ አንድ የኋላ ሰረዝ፣ የፎልደሩ ስም። ራውተሩ ላይም ለናሱ አንድ አይፒ አድራሻ አስይዝለት፣ አለበለዚያ አንድ ቀን አድራሻው ተቀይሮ እንደገና ትመጣለህ።

ፊደሉን መተዉ ሌላም ጥቅም አለው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከገባ መጀመሪያ የሚያዳርሰው እንደ ድራይቭ ተከፍቶ የተቀመጠውን ነው። ለባክአፕ ብቻ የሚሆን ዩዘር ናሱ ላይ ክፈት፣ ፓስዋርዱንም የባክአፕ ፕሮግራሙ ብቻ ይወቀው። በየቀኑ የምትገባበት ዩዘር ያን ፎልደር መጻፍ አይቻለው።

ባይት_ቆጣሪ፦

የእኔ ደግሞ አይወድቅም፣ አያልቅም። በሮቦኮፒ ነው የምሠራው፣ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው የፋይል መገልበጫ ትእዛዝ። ጠዋት ስነሳ አንዲት ፋይል ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። መፍትሔ ያለው?

ባለኬብሉ፦

ሮቦኮፒ ካልነገርከው በስተቀር አንድ ፋይል እምቢ ሲለው 1 ሚሊዮን ጊዜ ደግሞ ይሞክራል፣ በየመሃሉም 30 ሰከንድ ይጠብቃል። አባዛው። ለአንዲት ፋይል 347 ቀን አካባቢ ለመጠበቅ ተዘጋጅቷል ማለት ነው! 3 ጊዜ ሞክር፣ 5 ሰከንድ ጠብቅ በለው። እምቢ ያለችውን ፋይል ሎጉ ላይ ጽፎ ይለፋት።

ሌላም ልንገርህ። ታስክ ስኬጁለር ላይ ውጤቱ 1 ሲል ወደቀ ብለህ አትደንግጥ። ሮቦኮፒ 0 ሲል የሚገለበጥ ነገር አልነበረም ማለቱ ነው፣ 1 ሲል ገልብጫለሁ ማለቱ ነው። ችግር የሚጀምረው ከ8 ጀምሮ ነው። "ሚር" የሚለውን ትእዛዝ ከተጠቀምክ ግን ተጠንቀቅ። ከምንጩ የጠፋውን ከናሱም ላይ ይሰርዛል። ምንጩ አንድ ቀን በሆነ ምክንያት ባዶ ፎልደር ሆኖ ከታየው ባክአፕህንም ባዶ ያደርግልሃል፣ ያውም በትጋት።

ጡረተኛው፦

ልጆቼ፣ እኔም ላስቸግራችሁ። ዊንዶውስ 11 ፕሮ ነው ያለኝ። ትልቁ አፕዴት ከገባ ወዲህ ናሴን እምቢ ብሎኛል። ዱሮ ያለ ፓስዋርድ እገባ ነበር። አሁን "የድርጅትዎ የደኅንነት ፖሊሲ ያልታወቀ እንግዳ እንዳይገባ ይከለክላል" ይለኛል። የምን ድርጅት? እኔ ከድርጅት ከወጣሁ ቆየሁ።

ሎግ_አንባቢዋ፦

ጋሼ፣ ድርጅት የለም፣ አይጨነቁ። ጽሑፉ ለመሥሪያ ቤት ተብሎ የተጻፈ ነው፣ ቤትም ውስጥ ያንኑ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 24ኤች2 የሚባለው አፕዴት ሁለት ነገር አጠበቀ። አንደኛ፣ ፕሮ ላይ ያለ ፓስዋርድ እንደ እንግዳ መግባትን ዘጋ። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩና ናሱ የሚለዋወጡት እያንዳንዱ መልእክት ፊርማ እንዲኖረው አስገደደ። እንግዳ ደግሞ ፓስዋርድ ስለሌለው የሚፈርምበት ነገር የለውም። ስለዚህ ናስዎ አልተበላሸም።

ኢንተርኔት ላይ "ይህን ቁልፍ አጥፉት፣ ይሠራል" የሚል ምክር ያገኛሉ። አያጥፉት። ናሱ ገጽ ላይ ገብተው በስምዎ አንድ ዩዘር ይክፈቱ፣ ፓስዋርድ ይስጡት፣ በባክአፕ ፎልደሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ይስጡት። ከዚያ ዊንዶውስ ውስጥ "ክሬደንሻል ማናጀር" የሚለውን የፓስዋርድ ማስቀመጫ ከፍተው የናሱን አድራሻ፣ ስሙንና ፓስዋርዱን ያስገቡ። አንድ ጊዜ ነው፣ ከዚያ በኋላ አይጠይቅዎትም።

ናስዎ በጣም አሮጌ ሆኖ ኤስኤምቢ 1 (ኮምፒውተርና ናስ ፋይል የሚለዋወጡበት ቋንቋ አሮጌው ስሪት) ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ግን ይንገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለምን ያዳረሰው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ፣ ዋናክራይ፣ የገባው በዚያ በር ስለሆነ ክፈቱት ብዬ አልመክርም።

ነገር_አርዛሚ፦

ወደ ፎቶለቃሚዋ ልመለስ። እኔ የምለው፣ ዲስኮቹ አንዱ የሌላው ግልባጭ ናቸው አይደል? አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። ይሄን ያህል መጨነቅ ለምን?

ባለኬብሉ፦

ግልባጩ የሚያድነው ዲስክ ሲሞት ብቻ ነው። ፋይል ብትሰርዝ ከሁለቱም በዚያው ቅጽበት ይሰረዛል። ቫይረስ ቢቆልፈው ሁለቱም ላይ ይቆለፋል። ሳጥኑ ቢሰረቅ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ፎቶለቃሚዋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፎቶዎቹ ዴስክቶፑ ላይም አሉ ወይስ ናሱ ላይ ብቻ?

ፎቶለቃሚዋ፦

የቅርቦቹ ሁለቱም ጋ አሉ። የድሮዎቹ ዴስክቶፑ ስለሞላ ናሱ ላይ ብቻ ናቸው።

ባለኬብሉ፦

እንግዲያው የድሮዎቹ ባክአፕ የላቸውም። ቦታ ነው የቀየሩት። ከናሱ ጀርባ የዩኤስቢ ፖርት አለ፤ አንድ የውጭ ዲስክ ሰክተሽ ናሱ ራሱ በሳምንት አንዴ እንዲገለብጥ አድርጊው። ሲጨርስ ንቀይውና ሌላ ቦታ አስቀምጪው፣ የተሰካ ዲስክ ከናሱ ጋር እኩል ነው የሚጎዳው። ከመሰካትሽ በፊት በምን እንደተፎረመተ እይ። ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ ቪዲዮዎችሽ ይቀራሉ።

እግረ መንገድሽን የናሱን ዲስኮች የስማርት ሪፖርት (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበውን) ክፈቺ። ተራ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ላይ የመጨረሻው ጥሬ ዋጋ 0 ቢሆን ደስ ይላል። 197 ከፍ እያለ ከሄደ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለው፣ ምትክ አዘጋጂ። 199 ብቻ ካደገ ግን ዲስኩን አትውቀሺ፤ ዲስኩን ከሰሌዳው የሚያገናኘው ሽቦ ወይም መሰኪያ ነው።

ባይት_ቆጣሪ፦

ዲስክ የምትገዢ ከሆነ የአጻጻፉንም ዓይነት እይ። ኤስኤምአር የሚባሉት ትራኮቻቸው እንደ ጣሪያ ክዳን የተደራረቡ ናቸው። ትንሽ ሲጻፍባቸው ደህና ይሮጣሉ፣ ለረጅም ሰዓት ሲጻፍባቸው ግን ፍጥነታቸው ቁልቁል ይወርዳል። አንዳንዱ ፕሮግራም ያን ዝግታ ሞት ነው ብሎ ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 ትልልቅ አምራቾች እነዚህን ሳይናገሩ ይሸጡ እንደነበር ታውቆ ብዙ ጫጫታ ነበር። አሁን የሞዴል ዝርዝሩን ያወጣሉ። ለናስ ሲኤምአር የሚለውን፣ ትራኮቹ ያልተደራረቡትን፣ ነው የምትፈልጊው።

ፎቶለቃሚዋ፦

እሺ፣ ዜና! የናሱን ኬብል ስነቅለው መቆለፊያዋ ከመጀመሪያውም የለችም። በብርሃን ሳየው አንዷ ቡናማ ሽቦ ከጥርሱ ሥር ወደኋላ ሸሽታለች። ሌላ ኬብል አደረግኩ። የናሱ ገጽ 1000 ይላል፣ ባክአፑም 108 ሜጋባይት በሰከንድ ሄደ። ሌላ ነገር አልነካሁም፣ እንደ ተባልኩት።

ከዚያ ለየብቻ የሲስተሙን እንቅልፍ አጠፋሁ። ማኩን ሆን ብዬ ዘግቼው አደርኩ። 8 ሰዓት ላይ ጀመረ፣ ጨረሰም።

አሁን ግን ማኩ ተራውን ጀመረ። ታይም ማሽን "ለተሻለ አስተማማኝነት አዲስ ባክአፕ መፍጠር አለብኝ" ይላል። የድሮው ታሪክ ሁሉ ሊጠፋ ነው?

ማክ_ወዳጅ፦

አዎ፣ እሺ ካልሽው የድሮው ይጠፋል። የድሮው የሚያስፈልግሽ ከሆነ እሺ ከማለትሽ በፊት ናሱ ላይ ያለውን ፎልደር ሌላ ቦታ ገልብጪው።

ታይም ማሽን ናስ ላይ የሚጽፈው በአንድ ትልቅ የዲስክ ምስል ውስጥ ነው፤ እሱም በብዙ ትናንሽ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይቀመጣል። እየጻፈ ሳለ ላፕቶፑን ከደንሽ ብትሄጂ ወይም ዋይፋዩ ቢቆረጥ ምስሉ በከፊል እንደተጻፈ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ሲደጋገም ግን አንድ ቀን ማጣራቱን ያቅተዋል፣ ያን ጊዜ ነው ይሄ መልእክት የሚመጣው። የእናንተ የላላ ኬብልም ናሱን በየጊዜው እያቋረጠ ድርሻውን አድርጓል ብዬ እገምታለሁ።

አዲሱን ስትጀምሪ ሙሉው የመጀመሪያው ባክአፕ በኬብል ይሁን። ማታ ቻርጀር ላይ ሰክተሽ ተይው። ናሱ ላይ ለታይም ማሽን ለብቻው ዩዘር ክፈቺና የቦታ ገደብ አድርጊበት፤ ካልተገደበ ያለውን ቦታ ሁሉ እስኪሞላ ይጽፋል፣ ያኔ የዴስክቶፕሽ ባክአፕ ቦታ አጥቶ ይወድቃል። የማክሽ ዲስክ መጠን እጥፍ ቢሆን ይበቃል። ኤኤፍፒ የሚለውን አሮጌ መንገድ ናሱ ላይ ዝጊው፣ በኤስኤምቢ ይሂድ። ቬንቹራ (ማክኦኤስ 13) ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ሲስተም ካለሽ ደግሞ ከየሰዓቱ ይልቅ በየቀኑ ማድረግ ትችያለሽ። ላፕቶፕ ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው የሚሻለው እሱ ይመስለኛል።

ሎግ_አንባቢዋ፦

አረንጓዴ ምልክት ስታዪ ግን ገና አላለቀም። ፋይል መልሰሽ አውጪ። ከትናንቱ አንድ፣ ከወር በፊት ካለው አንድ፣ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ደግሞ እስከ መጨረሻው ተጫውቶ ይታይ። ወደ ራሱ ቦታ ሳይሆን ወደ ባዶ ፎልደር አውጪው፣ ባለው ላይ እንዳይጽፍብሽ። የባክአፑን ሎግም "የታለፉ ፋይሎች" የሚለው ጋ አንብቢ። አንዳንድ ፕሮግራም 40 ፋይል ዘልሎ "ተሳክቷል" ይላል።

ፎቶለቃሚዋ፦

ሦስቱንም አወጣሁ፣ ተከፈቱ። የታለፉት ላይ ግን አንድ አለ፤ በየሌሊቱ የሚታለፈው ያው ፋይል ነው። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሜ ካታሎግ! ያለ እሱ ፎቶዎቹ አሉ፣ የሠራሁባቸው ማስተካከያ ሁሉ ግን የለም። "በሌላ ፕሮግራም ተይዟል" ይላል።

ሎግ_አንባቢዋ፦

ፕሮግራሙን ሳትዘጊ ስለምትተኚ ነው። ካታሎጉን ይዞት ያድራል።

ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው፣ ባክአፕ ፕሮግራሙ ውስጥ ሻዶው ኮፒ ወይም ቪኤስኤስ የሚል ምርጫ ፈልጊና አብሪው። ዊንዶውስ ዲስኩን በዚያች ቅጽበት እንዳለ ይይዘዋል፣ ባክአፑም ከተያዘው ላይ ይገለብጣል፤ ክፍት ፋይል ቢሆንም አይታለፍም። ከበራ በኋላም ከታለፈ "ቪኤስኤስአድሚን ሊስት ራይተርስ" የሚለውን ትእዛዝ እንደ አስተዳዳሪ አስኪጂ። ከዝርዝሩ ውስጥ "ፌይልድ" የሚል ካለ ያን አምጪልን። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ማታ ፕሮግራሙን ዝጊው። አንዳንድ የፎቶ ፕሮግራሞች ሲዘጉ የካታሎጉን ቅጂ ላስቀምጥ ወይ ብለው ይጠይቃሉ፣ ከጠየቀሽ አዎ በዪው። ያ ቅጂ ስለማይያዝ ሌሊት ይሄዳል። እኔ ብሆን ሁለቱንም አደርጋለሁ።

ጡረተኛው፦

ዩዘሩን ከፈትኩ፣ ገባ! እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ፓስዋርዱን ክሬደንሻል ማናጀር ውስጥ በናሱ ስም አስገባሁት፣ የባክአፕ ፕሮግራሙ ግን የሚጠራው በአይፒ አድራሻው ነው። እንደገና ጠየቀኝ።

ሎግ_አንባቢዋ፦

አሜን ጋሼ። ለዊንዶውስ ስሙና አድራሻው ሁለት የተለያዩ ሰርቨሮች ናቸው፣ ለአንዱ የሰጡትን ፓስዋርድ ለሌላው አይጠቀምበትም። በአይፒ አድራሻውም ሁለተኛ መስመር ያስገቡ፣ ያንኑ ዩዘርና ያንኑ ፓስዋርድ። ራውተሩ ላይ አድራሻውን ማስያዝዎን ግን አይርሱ።